የብሩሽ ጫፍና የሠዓሊው ኃላፊነት

የሰውን ልጅ ከሌሎች ፍጡራን ከሚለዩት ነገሮች አንዱ መሣሪያ ሠርቶ በመሣሪያው መሥራቱ ነው። ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን፣ ሸማኔ መወርወሪያውን፣ አንጥረኛ መዶሻውን፣ ጸሐፊ ብርዑን ሳይዝ ሥራው አይጀመርም። መሣሪያ በሠሪውና በሥራው መካከል የሚቆም ነው፤ ሐሳብ ከእጅ ወጥቶ ወደ ቁስ የሚሻገረው በእርሱ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ስለ ሥነ ጥበብ በሚደረገው ውይይት ስለ ይዘትና ስለ ቅርጽ፣ ስለ ሠዓሊው ስሜትና ስለ ተመልካቹ ግንዛቤ ብዙ ሲባል፣ ስለ ብሩሹ የሚነገረው ጥቂት ነው። ብሩሽ የሱቅና የዕቃ ግምጃ ቤት ጉዳይ ተደርጎ ከሥነ ጥበብ ደጃፍ ውጭ ይቀራል።

ሆኖም ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሠዓሊው ብሩሹን ይወቅሳል፤ ተመልካቹ ሠዓሊውን ይወቅሳል፤ ብሩሹን የገዛው ክፍል ደግሞ ገበያውን ይወቅሳል። ወቀሳ ባለበት ኃላፊነት አለ፤ ኃላፊነት ባለበትም የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ስለዚህ ሠዓሊ፣ በተለይም ጥቃቅን ሥዕሎችን የሚሥል ሠዓሊ፣ ጥሩ ብሩሽ መርጦ መያዙ የሙያ ብልሃት ብቻ ነውን? ወይስ ለሥራውና ለተመልካቹ ያለበት ግዴታ አካል ነው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

የሐይቅ መጽሐፍ

ለዚህ ጥያቄ የሚስማማ ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። በወሎ ምድር፣ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአምባሰል አቅራቢያ በሚገኘው ሐይቅ ላይ ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይገኛል። ገዳሙ የቆመበት ስፍራ ቀድሞ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወደዚህ ስፍራ ከመጡ በኋላ ገዳሙ ታላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆነ። እርሳቸው በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የተጻፉበት ዘመን በትክክል ከታወቀው የኢትዮጵያ ሥዕላዊ የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች መካከልም የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ይገኛል።

የእነዚህ ሥዕሎች ቦታ የመጽሐፍ ገጽ ነው፤ የመጽሐፍ ገጽ ደግሞ ግድግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ከሩቅ ስለሚታይ የጣት ስፋት ያህል ስሕተት ሊሸፈን ይችላል። በብራና ላይ ግን አንባቢው መጽሐፉን በአትሮንስ ዘርግቶ፣ ከፊቱ አቅርቦ ስለሚያየው የጠጉር ስፋት ያህል ስሕተት ይታወቃል። በኢትዮጵያ ባህላዊ ሥዕል ፊት የሚነገረው በመስመር ነው፤ ቅንድብ አንድ መስመር፣ አፍንጫ አንድ መስመር፣ የዐይን ቆብ አንድ መስመር ነው። በሰፊው ዐይን መካከል የምትቀመጠው የብሌን ነጥብ በጥቂቱ ወዲያ ወይም ወዲህ ብትል የፊቱ አተያይ ይለወጣል፤ አንባቢውን ይመለከት የነበረው ጻድቅ ዐይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። ሐረግ በሚባለው የገጽ ጌጥም እንዲሁ ነው። እርስ በርሱ የሚጠላለፈው መስመር በአንድ ቦታ ቢወፍር ወይም ቢቋረጥ፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሚያልፍ ይጠፋል፤ የጠቅላላው ጌጥ ሥርዓትም ይፈርሳል።

አውሮፓውያን ለመጽሐፍ ሥዕል የሰጡት «ሚኒያቸር» የሚለው ስም የመጣው ከትንሽነት አለመሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ቃሉ የተገኘው የመጽሐፍን ርእሶችና የምዕራፍ መነሻዎች ያቀሉበት ከነበረው፣ በላቲን «ሚኒየም» ከሚባለው ቀይ ቀለም ነው። የኢትዮጵያ ጸሐፊም የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፋል። ስለዚህ የጥቃቅን ሥዕል መነሻው ነገርን ማሳነስ ሳይሆን ሊታይ የሚገባውን ለይቶ ማክበር ነው።

ጥሩ ብሩሽ ምንድን ነው?

ብዙ ጀማሪዎች ለትንሽ ሥዕል ትንሽ ብሩሽ ይበቃል፣ ለቀጭን መስመርም ጥቂት ጠጉር ብቻ ያለው እጅግ ቀጭን ብሩሽ ያስፈልጋል ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው። ጥቂት ጠጉር ያለው ብሩሽ የሚይዘው ቀለም ጥቂት ስለሆነ፣ ቀለሙ ከማስቀመጫው ተነሥቶ ገጹ ላይ እስኪደርስ ጫፉ ላይ ይደርቃል። መስመሩ ተጀምሮ ሳያልቅ ይነጥፋል፤ እጅም ደጋግሞ ለመቀጠል ይገደዳል፤ የተቀጠለ መስመር ደግሞ መገጣጠሚያው ያስታውቃል።

እውነተኛው የጥቃቅን ሥዕል ብሩሽ ሦስት ነገሮችን ያሟላል። አንደኛው ሆዱ ነው፤ ቀለም የሚጠራቀምበት ወፈር ያለው የጠጉሩ ክፍል ማለት ነው። ሆዱ በቂ ቀለም ካልያዘ ረጅም መስመር በአንድ እስትንፋስ አይሠመርም። ሁለተኛው ጫፉ ነው፤ ጠጉሮቹ ሁሉ ተሰብስበው እንደ መርፌ መሹል አለባቸው። ሦስተኛው ምላሹ ነው፤ ጫፉ ሲጫኑት ጎንበስ፣ ሲለቁት ቀጥ ማለት ይኖርበታል። ጎንብሶ የሚቀር ብሩሽ የእጅን ትእዛዝ የሚሰማው ግማሹን ብቻ ነው። እንግዲህ ሆዱ ሞላ ያለ፣ ጫፉ ግን የሾለ መካከለኛ ብሩሽ፣ በጠጉር ቁጥር ከሳሳው ቀጭን ብሩሽ ይልቅ ቀጭን መስመር ያወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉ፣ ጫፉን የሚያሾለው የጠጉሮቹ ማነስ ሳይሆን መተባበራቸው ነው።

የመፈተኛው ዘዴም አስቸጋሪ አይደለም። ፋብሪካዎች አዲስ ብሩሽን በሙጫ አጣብቀው ስለሚልኩት በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁሉም ሹል ሆኖ ይታያል። ሙጫው በውሃ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ብሩሹ አንድ ጊዜ ይራገፋል። ጥሩው ብሩሽ ወዲያው በራሱ ይሾላል፤ መናኛው ግን ይበተናል ወይም ሁለት ምላስ ያወጣል። ጠጉሩን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው የብረት አንገት ልል መሆን አለመሆኑ፣ ጠጉሩም በተፈጥሮው ጫፍ መሹሉ ወይም በመቀስ ተከርክሞ መስተካከሉ መታየት አለበት። በመቀስ የተቆረጠ ጠጉር የተፈጥሮ ጫፉን ስላጣ መልሶ አይሾልም።

ስለ ጠጉሩ ዓይነት በየአገሩ ረጅም ልምድ አለ። በሕንድ የሙጋል ነገሥታት ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎች የዛፍ ሽኮኮ ጭራ ጠጉርን በወፍ ላባ ዘንግ ውስጥ እያሰሩ ብሩሻቸውን ያዘጋጁ ነበር። ቻይናውያን ለስላሳውን የፍየል ጠጉር ለአንድ ተግባር፣ ጠንከር ያለውን የሌላ አውሬ ጠጉር ለሌላ ተግባር ይለያሉ። በአውሮፓ እጅግ የተከበረው በሳይቤሪያ ብርድ አገር የሚኖር፣ ኮሊንስኪ የሚባል ትንሽ አውሬ የጭራ ጠጉር ነው። የኢትዮጵያ ባህላዊ ሠዓሊዎችም ከእንስሳት ጠጉርና ከተክል ቃጫ ብሩሽ ያዘጋጁ ነበር። ከ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ናይሎንና እርሱን የመሰሉ ሰው ሠራሽ ክሮች መጥተዋል። እነዚህ ቀለም የመያዝ ችሎታቸው ከተፈጥሮ ጠጉር ያነሰ፣ ጫፋቸውም ከጊዜ በኋላ የሚቆለመም ቢሆንም፣ የተፈጥሮ ጠጉርን ለሚጎዳው ለአክሪሊክ ቀለም የተሻሉ ናቸው። ስለሆነም «ጥሩ» የሚለው ቃል ከተግባሩ ተነጥሎ ትርጉም የለውም።

እጅ ወይስ መሣሪያ?

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የሚሥለው እጅ እንጂ ብሩሽ አይደለም፤ የሐይቅ ሠዓሊ የፋብሪካ ብሩሽ ሳያይ ከ700 ዓመት በላይ የሚዘልቅ ሥራ ሠርቷል፤ እንግዲህ ጥሩ ብሩሽ ካልተገኘ ማለት የሰነፍ ሰበብ ወይም የቅንጦት ጥያቄ ነው የሚል።

ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ይሁን እንጂ «ቀላል» እና «መናኛ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያምታታል። የብራና ሊቃውንት መሣሪያ ቀላል ነበረ፤ መናኛ ግን አልነበረም። የፍየሉ ቆዳ ይመረጣል፤ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ቀዳዳና ጠባሳ ያለበት ይለያል። መስመሩ የሚሰመርበት ቦታ በወስፌ ይወጋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል፣ ከሙጫ ጋር ተዋሕዶ ይዘጋጃል። ብርዑ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ይቆረጣል፤ ሲዶለዱም እንደገና በቢላዋ ይቀረጻል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያደርግ ሰው የመሣሪያን ጉዳይ የናቀ ሰው አይደለም። እንዲያውም መሣሪያውን በገዛ እጁ ስለሚሠራ፣ የመሣሪያው ጉድለት የራሱ ጉድለት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል።

የመሣሪያን ክብር ከመሣሪያ ጌጥ መለየትም ያስፈልጋል። በ1866 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የውሃ ቀለም ሥዕሏን የምትሥልበት ምርጥ ብሩሽ ዊንሰር ኤንድ ኒውተን የተባለው ድርጅት እንዲሠራላት እንዳዘዘች ይተረካል። እጀታው ከዝሆን ጥርስ፣ አንገቱም ከብር ነበር ይባላል። ዝሆን ጥርሱና ብሩ ለንግሥቲቱ ማዕርግ የተጨመሩ ነበሩ፤ አንድም መስመር አላቀጠኑም። ከዚያ ትእዛዝ የተረፈውና ሠዓሊዎች እስከ ዛሬ የሚፈልጉት የጠጉሩ አመራረጥ ነው። ብሩሽን ለታይታ የሚሰበስብ ሠዓሊ የንግሥቲቱን እጀታ እንጂ የንግሥቲቱን ብሩሽ አልያዘም።

ማመካኛን ከእጅ ማውጣት

ከዚህ በመነሣት ወደ ጉዳዩ እምብርት መድረስ ይቻላል። መናኛ ብሩሽ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሥራን ያበላሻል፣ ያበላሸውንም ሰው ይሸሽጋል። መስመሩ ቢጣመም ብሩሹ ነው፤ ብሌኗ ቦታዋን ብትስት ብሩሹ ነው። ሠዓሊው በዚህ መጠለያ ሥር ዓመታት ሊኖር ይችላል። የእጁ ድክመት የትኛው፣ የመሣሪያው ድክመት የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እርሱ ራሱም አያውቅም። ያላወቀውን ድክመት ደግሞ ሊያርም አይችልም።

ጥሩ ብሩሽ ይህን መጠለያ ያፈርሳል። እጅ ያሰበውን በታማኝነት ገጹ ላይ ስለሚያኖር፣ የተጣመመው መስመር የሠዓሊው፣ የቀናውም መስመር የሠዓሊው ይሆናል። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው የሚለው አነጋገር በትክክል የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥሩ ብሩሽ መምረጥ ማለት ምቾትን መምረጥ ሳይሆን ለፍርድ ራስን ማቅረብ ማለት ነው። መርጦ የያዘ ሰው «ከዚህ በኋላ የሚወጣው ሁሉ የእኔ ነው» ብሎ አስቀድሞ ፈርሟል። የብሩሽ ምርጫ የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ግን ወደ ተቃራኒው ስሕተት መውሰድ የለበትም። ፍጹም ብሩሽ እስኪመጣ ድረስ ሥራ የማይጀምር ሠዓሊም አለ። ለእርሱ የብሩሹ አለመኖር ራሱ ማመካኛ ሆኖለታል። ግዴታው የሌለውን መመኘት ሳይሆን ካለው መካከል የሚሻለውን መለየት ነው። የሚሻለውም በቂ ሳይሆን ሲቀር ግዴታው መልኩን ይለውጣል፤ ሠዓሊው ሥዕሉን ለብሩሹ አቅም ያስማማል። ብሩሹ ሊያወጣው የማይችለውን ስስ መስመር ለተመልካቹ ቃል አይገባም፤ ፊቱን ሰፋ፣ ጌጡን ቀለል አድርጎ ይነድፋል። በወፍራም ብሩሽ በእውነት የተሠመረ ወፍራም መስመር፣ ስስ ለመምሰል ከሚንቀጠቀጥ መስመር የበለጠ ክብር አለው።

የምርጫው ነጻነትም ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እስክንድር ቦጎሲያን በብራና ላይ በሣላቸው ሥራዎቹ፣ ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ በጠባብ የቀርከሃ ስንጥሮች ላይ ባሰፈራቸው ጥቃቅን ምስሎች፣ ዘመናዊ ሠዓሊ ከአገሩ ቁስ መካከል ሥራው የሚፈልገውን መርጦ ሊነሣ እንደሚችል አሳይተዋል። ሁለቱም ቁሱን የተጠቀሙበት የተሻለ ስላልተገኘ አይደለም፤ ሊሉት ያሰቡትን የሚሸከመው እርሱ ሆኖ ስላገኙት ነው።

ለሌላው የሚመርጥ ሰው

እስካሁን የተባለው ለራሱ ስለሚመርጥ ሠዓሊ ነው። ከባዱ ጥያቄ ግን ለሌላ ሰው የሚመርጠውን ይመለከታል። የሥዕል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ብሩሹን አይመርጥም፤ መምህሩ፣ የትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ወይም የግዥ ክፍሉ ይመርጥለታል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካቋቋሙ ወዲህ ሥዕል በኢትዮጵያ ከአባት ወደ ልጅ ከሚተላለፍ ጥበብነት አልፎ የክፍል ውስጥ ትምህርት ሆኗል። በጥንቱ ሥርዓት ደቀ መዝሙሩ ብርዕ መቅረጽን ከመምህሩ እጅ ያያል፤ መሣሪያውንና ሥራውን አብሮ ይማራል። በክፍል ውስጥ ግን መሣሪያው በመዝገብ ተቆጥሮ፣ በፊርማ ወጥቶ የሚታደል ዕቃ ነው። በቁጥር የሚታደል ነገር ደግሞ በቁጥር ብቻ መመዘን ይጀምራል።

የዚህ ውጤት ከተበላሸ ወረቀት የከፋ ነው። ልምድ ያለው ሠዓሊ መናኛ ብሩሽ ሲይዝ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ተማሪ ግን አያውቅም። ጠጉሩ ሲበተንበት፣ መስመሩ ሲሰነጠቅበት የራሱ ያልሆነውን ጥፋት እንደ ራሱ አድርጎ ይቀበላል። «እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም» ብሎ ብሩሹን ያስቀምጣል፤ ብዙ ጊዜም መልሶ አያነሣውም። እዚህ ላይ የመናኛው ብሩሽ ሽሽግ ሰው ሠዓሊው ሳይሆን ብሩሹን የመረጠው ይሆናል። አንድ ሰው ሊቆጣጠረው በማይችለው ነገር እንዲፈረድበት ማድረግ በየትኛውም ሚዛን ፍትሕ አይባልም። በመናኛ መሣሪያ የተፈተነ ተማሪ የተፈተነው በችሎታው አይደለም።

የበጀት ጥበት እውነተኛ ነገር ነው። ነገር ግን ጥበት መናኛን ለመግዛት ምክንያት አይሆንም፤ ይልቁንም በጥንቃቄ ለመምረጥ ምክንያት ነው። ጠጉራቸው በአንድ ወር የሚረግፍ ብዙ ብሩሾች በቁጥር ያጽናናሉ፤ በሥራ ግን ከጥቂት ጥሩ ብሩሾች ያንሳሉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ብዙ መጠን ያላቸው ብሩሾች ከማደል፣ ሆዱ ሞላ ጫፉ ሹል የሆነ አንድ መካከለኛ ብሩሽና ቀለም የሚበጠብጥበት አንድ አሮጌ ብሩሽ መስጠት ይበልጣል። መምህሩም ስለ ሥዕሉ ከመፍረዱ በፊት የተማሪውን ብሩሽ በውሃ ነክሮ ቢያራግፈው፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ የአንድን ሰው ዕድሜ ሊያተርፍ ይችላል።

ምርጫ ከገዙ በኋላም ይቀጥላል

ጥሩ ብሩሽ የተመረጠ ዕለት ግዴታው አያበቃም። ቀለም እስከ አንገቱ ድረስ ከዘለቀ በጠጉሩ ሥር ይደርቅና ጫፉን ይከፍተዋል፤ ስለሆነም የሚነከረው እስከ ሆዱ አጋማሽ ብቻ መሆን አለበት። በውሃ ብርጭቆ ውስጥ በጫፉ ቆሞ የተተወ ብሩሽ ጎብጦ ይቀራል። ሥራው ሲያልቅ በሳሙናና በለብታ ውሃ ይታጠባል፤ ጫፉ በጣት ተሰብስቦ ይሾላል፤ ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ወይም ተጋድሞ ይቀመጣል። የጥቃቅን ሥዕል ብሩሽ ቀለም ለመበጥበጥ ወይም ሰፊ ቦታ ለመቀባት አይውልም።

ከዚህ ጥንቃቄ በስተጀርባ ከቁጠባ የበለጠ ነገር አለ። የተፈጥሮ ጠጉር ከእንስሳ ሕይወት የተገኘ ነው፤ ብራናውም እንዲሁ። አንድ የወንጌል መጽሐፍ ብዙ ፍየሎችን ይፈጃል። የሳይቤሪያው አውሬ ጭራ፣ የፍየሉ ቆዳ ለመስመር ሲባል ተወስዷል። መውሰዱ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ሰው ሠራሽ ክርም ለዚህ አንድ መልስ ያቀርባል። ነገር ግን ከተወሰደ በኋላ ማባከኑ በየትኛውም ወገን ክርክር የሚደገፍ አይሆንም። በግዴለሽነት የተበላሸ ብሩሽ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ያለ ፍሬ የጠፋ ሕይወትም ነው።

የማይታየው ሥራ

በመጨረሻ የሚቀረው ጥያቄ ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው ነው። ጥቃቅን ሥዕል የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። የሐይቁ ወንጌል ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በገዳም ውስጥ፣ ተዘግቶ ነው። ለዚያ ገጽ፣ ለዚያች የብሌን ነጥብ ይህን ያህል መጨነቅ ለማን ነው?

መልሱ ተመልካች መቼ እንደሚመጣ ሠዓሊው አያውቅም የሚል ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም በተነሡበት ጊዜ የሐይቁ ወንጌልም ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበረ። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው ሁሉ ወደ ግራጫ ተለወጠ፤ ከሩቅ አገር ሆነው ያንን ፊልም ለሚያጠኑ ሰዎች የቀለሙ ውበት አልደረሰም። የደረሰው መስመሩ ነው፤ ማለትም የብሩሹና የብርዑ ጫፍ የተወው ዱካ። ሠዓሊው ስለ ፊልም ሊያስብ አይችልም ነበር። ነገር ግን መስመሩን ማንም ባይኖር እንኳ እንደሚታይ አድርጎ ስላሠመረው፣ ያልጠበቀው ተመልካች በመጣ ጊዜ አላፈረም።

በሰፊ አደባባይ የሚቆም ሐውልት የሠሪውን ጥንቃቄ ከሕዝብ ዐይን ይጠይቃል፤ ሠሪው ቢሰንፍ የሚወቅሰው ብዙ ነው። ጥቃቅኑ ሥዕል ግን የሚጠብቀው ዘበኛ የለውም፤ ሠዓሊው ብቻውን ከብሩሹ ጋር ነው። እዚያ ላይ የሚደረገው ምርጫ፣ ማንም ሳያስገድደው የሚደረግ ስለሆነ፣ የሠዓሊውን ማንነት ይበልጥ ይናገራል። ብሩሹን ነክሮ፣ አራግፎ፣ ጫፉን በብርሃን ፊት የሚያየው ሰው አንድ ጥያቄ እየመለሰ ነው፤ ጥያቄውም ለሚሠራው ሥራ ተጠያቂ ለመሆን ፈቃደኛ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። ብሩሹ ያረጃል፣ ጠጉሩም ይረግፋል፤ የተሠመረው መስመር ግን ሠዓሊው የሰጠውን መልስ ይዞ ይቀራል።